ዝናብ የመታት ስኩተሬ ነዳጅ ስሰጣት ለምን ታቋርጥ ነበር?

ድሬ ላይ ዝናብ ከመጣ ባንዴ ነው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ያቆምኳት ስኩተር ከሥራ ስወጣ ከላይ እስከ ታች ርሳ ጠበቀችኝ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳች። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ምንም አትል። ነዳጅ ስሰጣት ግን ታቋርጣለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ጉልበት የሚባል የላትም። እየተጎተትን ሳቢያን ሰፈር ደረስን።

በማግሥቱ ጠዋትም ያው ናት። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ግን ምንም እንዳልነካት ሆነች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። ጎረቤቴም «አቦ ተወው፣ ደርቃለች» አለኝ። እኔ ግን መተው አልፈለግኩም። ፀሐይ የሚያደርቀው ውሃውን ነው፤ ውሃው የገባበት ቀዳዳ እዚያው አለ። የሚቀጥለው ዝናብ መጥቶ ከኋላዬ ከባድ መኪና እያለ መሀል መንገድ ላይ ብታቋርጥስ?

ሞተር አየር፣ ነዳጅና እሳት ይፈልጋል። ውሃ በሦስቱም በኩል ሊገባ ይችላል፣ ምልክታቸው ግን ይለያያል። ነዳጅ ውስጥ የገባ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ካርቡራተሩ (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ክፍል) ታች ይተኛል። የቀትር ፀሐይ አያነሳውም። የአየር ፊልትሮ ከራሰ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚሰጠው) ጥላሸት ይለብሳል። ጠዋት በእርጥበት ታሞ ቀትር ላይ በራሱ የሚድን ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኤሌክትሪኩ ነው።

ያም ሆኖ ቀላሉንና ገንዘብ የማያስወጣውን አስቀደምኩ። የፊልትሮውን ሳጥን ከፈትኩ፣ ደረቅ ነው። ቀጥሎ ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጌ ቤንዚኑን በሚያሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀበልኩት። ውሃ ቢኖር ታች ለብቻው ተለይቶ ይታያል። አልነበረም። ይህን ደጅ ላይ ሥሩት፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገባችሁ አይቁም። በዚያው የነዳጅ ታንኩን ክዳን ዙሪያ አየሁ። የዝናብ ውሃ የሚወርድባት ትንሽ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍናለች። በቀጭን ሽቦ ከፈትኳት። የኛ አገር አቧራ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። የዚያን ቀን ጥፋት የሷ ባይሆንም አንድ ቀን ውሃውን ወደ ነዳጁ ማስገባቷ አይቀርም ነበር።

ከዚያ ወደ እሳቱ መጣሁ። ካንዴላውን ፈትቼ ሞተሩ ብረት ላይ አስደግፌ ሞከርኩት። ጥሩ ሰማያዊ እሳት ይሰጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ እሳት አለ ብለው ኤሌክትሪኩን ይዘሉታል። ደጅ ላይ ያለው አየር ልል ስለሆነ እሳት በቀላሉ ይዘላል። ሲሊንደር ውስጥ ግን አየሩ ታምቋል። ነዳጅ ስትሰጡ ደግሞ የሚገባው አየር ይጨምራል፣ ግፊቱም ያይላል። እሳቱ በካንዴላው ጫፍ ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ሌላ ቦታ የረጠበ ስንጥቅ ካገኘ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። ሚኒሞ ላይ ደህና የነበረችው፣ ነዳጅ ስሰጣት የምታቋርጠው ለዚህ ነው።

ስንጥቁን ያገኘሁት ማታ ነው። የግቢውን መብራት አጥፍቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ፣ ልብስ ሲተኮስ ውሃ በምንረጭበት ጠርሙስ የካንዴላው ገመድ አካባቢ ስስ አድርጌ ረጨሁ። ካንዴላው ላይ ከሚሰካው ካፕ ጎን ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ሞተሩ ብረት ትዘላለች። የምፈልገው እሱን ነበር። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጃችሁ አትንኩ፤ የሚያልፍበት ቮልት በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ካፑን ነቅዬ ሳጎብጠው ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይህን ያደረገው ዝናቡ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትውል ስኩተር ላስቲኳ ይደርቃል። የድሬ ሙቀት ይሰነጥቀዋል፣ ዝናቡ መጥቶ ያጋልጠዋል። ካፑ ውስጥ የነበረው የገመዱ ጫፍም መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ጫፉን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጬ ንጹሕ መዳብ አገኘሁና አዲስ ካፕ አጠበቅኩበት። ካፕ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ውስጡ ሬዚስታንስ አለው፣ ብዙ ጊዜ 5 ኪሎ ኦም ነው፣ ተመሳሳዩን ነው መግዛት። «ቦቢናው ነው» ያለኝ ሰው ነበር፤ ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ክፍል፣ ግን ዋጋው ከካፕ እጅግ ይወደዳል። ካንዴላውንም አልቀየርኩም፣ አጽድቼ መለስኩት።

ማታ እንደገና ረጨሁበት፣ ብልጭታ የለም። በነጋታው ወደ ደንገጎ አቀበቱን ወጣሁ። ሞተር ላይ ጭነት የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ከሱ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። አንድም ጊዜ አላቋረጠችም።

ከማቋረጥ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ማርሽ የሌላት ስኩተር ቺንጊያዋ (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ቀበቶ) ከራሰ ይንሸራተታል። ያኔ የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተልም። እሱ ሲደርቅ ይተዋል። የኋላ ፍሬኑም ውሃ ከገባበት ስለማይዝ፣ ጭር ያለ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ለስለስ አድርጋችሁ እየያዛችሁ አድርቁት።

ጎርፍ ግን ከዝናብ ለዩልኝ። የ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬ ላይ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ከተራራው የዘነበው ሊመጣ ይችላል። ውሃ በሞላበት አሸዋ (የወንዙ መውረጃ) ውስጥ ስኩተር ይዞ መግባት የለም። የቆመችበት ቦታ ጎርፍ ደርሶ ውሃው እስከ አየር መሳቢያዋ ከሸፈናት ደግሞ ቁልፉን አትንኩ። ውሃ አይታመቅም፣ ቢየላውን (ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ) ያጣምመዋል። ገፍታችሁ ውሰዷት፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ ውሃውን አስወጡ፣ ከዚያ ዘይቱን እዩ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ዘይቱ ይቀየር።