ጦጣ በሚጠላበት ክፍል ስለ ባሌ ጦጣ ማስተማር

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ብርቅዬ እንስሳት ሲነሱ ተማሪዎቼ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ወዲያው ይጠራሉ፤ የባሌ ጦጣን ግን የሚያውቃት አልነበረም። ስለዚህ ሩቅ ካለው ደን ሳይሆን እዚሁ ከሚያውቋት ጦጣ ጀመርኩ።

«መምህር፣ እሷማ የአያቴን በቆሎ ጨረሰችው!» አለ ቤተሰቦቹ ኮምቦልቻ አጠገብ የሚያርሱ አንድ ልጅ። አላስተባበልኩም። ጠመኔ ሰጥቼ የምትበላውን ሁሉ እንዲጽፍ አደረግሁ፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሾላ፣ የግራር ፍሬ፣ ነፍሳት፤ ሰሌዳው ሞላ። ከጎኑ እኔ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ ቀርከሃ። ባሌ በሚገኘው የኦዶቡሉ ደን በተደረገ ጥናት የባሌ ጦጣ ምግብ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀርከሃ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያ ከአንድ ግቢ ያስቆረጥኩትን የቀርከሃ ቅርንጫፍ አዞርኩላቸው። የበሰለው ቅጠል ሻካራ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ግን ገና ሳይፈታ እንደ ጧፍ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ሲስቡትም ከሰገባው በቀላሉ ይላቀቃል። ጦጣዋ አብዝታ የምትፈልገው ይህን ለጋውን ነው። «ታዲያ ቀርከሃው ከተመነጠረ ምን ትበላለች?» ብላ አንዲት ተማሪ ጠየቀች። የቀረውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሰጠሁት፤ ይገባዋልም።

የባሌ ጦጣ በዓለም ላይ የምትገኘው በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። በሲዳማ በኩል ደኑ ተቆራርጦ በቁርጥራጭ ቦታ የቀሩት መንጋዎች ያገኙትን ይበላሉ፤ ማሳ ይገባሉ፣ ገበሬውም ያሳድዳቸዋል፣ ይገድላቸዋል። ከዚህ የባሰው፣ ደኑ ሲሳሳ ሌሎች ጦጣዎች ይደርሱባቸውና ይዳቀላሉ፤ የዘር ምርመራም ይህንን አረጋግጧል። «ያቺው የእኛዋ ጦጣ?» አለ የበቆሎው ልጅ። አዎ፣ አንዷ እሷው ናት።

ለሌሎች መምህራን የምለው ይህንን ነው፦ የሚያምር ፎቶግራፍ አሳይታችሁ «እንጠብቃት» አትበሉ። መጀመሪያ የገበሬውን ልጅ ቁጣ ስሙ፣ ሰሌዳው ላይም አስፍሩት። እኔ ፎቶግራፉን ያሳየሁት መጨረሻ ላይ ነበር፤ ጥቁር ቡናማ ጀርባዋንና ነጭ ጺሟን ሲያዩ ስለ ምግቧ ብዙ ያውቁ ነበር። «ቀርከሃ ጨርሶ አይቆረጥ» ማለትም አይጠቅም፤ ሰው ቤትና አጥር ይሠራበታል። ለጋውን ትቶ ሦስት ዓመት የሞላውን እየመረጡ መቁረጥ እንደሚቻል ስነግራቸው ክርክሩ ተጀመረ፦ ጠባቂው ማን ይሁን? የበቆሎው ልጅ መልስ ነበረው፤ ማሳው ደኑን የሚዋሰነው ገበሬ ራሱ፣ ለዚህም ሊከፈለው ይገባል አለ።