ጨዋ ልጅ ያልነው ዝምታ

ድሬዳዋ ውስጥ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት መምህራንን ማገዝ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ለአሥራ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬአለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከከዚራ፣ ከመጋላና ከሳቢያን ሰፈሮች የሚመጡ ልጆች ይቀመጣሉ። ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ ወይም ሐረሪ የሚነገርባቸው አሉ፤ ከጅቡቲ፣ ከየመንና ከህንድ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም አሉ። ባቡሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ከደረሰ ጀምሮ ድሬ እንግዳ ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት። አንድ ልጅ ከሱቅ ደጃፍ ሳይነሳ በሦስት ቋንቋ ሲገበያይ የሚደነቅ የለም። ስለዚህ አካቶ የሚባለው ነገር፣ ማንንም ልጅ ወደ ጎን ሳይተዉ ሁሉንም አቅፎ ማስተማር፣ እኛ ዘንድ በራሱ ያለ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን የስድስተኛ ክፍልን የመቀመጫ ካርታ ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ልጅ በተናገረ ቁጥር በስሙ ላይ ጭረት አኖራለሁ። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ከሠላሳ አራቱ ልጆች ጭረት ያገኙት አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከጭረቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የአራት ልጆች። ወረቀቱን ለመምህሩ ሳሳየው፣ «ዝም ያሉት እኮ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ረብሻ አያውቁም» አለኝ። ይህ ቃል ልቤን ነካው፤ እኔም ለዓመታት ለእንዲህ ዓይነት ልጆች በውጤት ካርዳቸው ላይ «ጸባይ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» እያልኩ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ዝም ያሉበትን ምክንያት አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት ነበር። መምህራኑን ቅዳሜ ጠርቼ ስለ ተማሪዎች ድምፅ ሦስት ሰዓት ሥልጠና ሰጠሁ። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና ሐሳቡ ክብደት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ኢትዮጵያም ኮንቬንሽኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 እንደተቀበለች አስረዳሁ። ሁሉም ጻፉ፤ ማንም አልተናገረም። ስንወጣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ መምህር ጠጋ ብለው፣ «እህቴ፣ የተናገርሽው መልካም ነው። ግን እኛን ማን ጠየቀን?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ንግግሬን ትቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሄድኩ፦ ልጆቹን እንዳትሰሙ የሚያግዳችሁ ምንድን ነው? ከጠበቅሁት በላይ ተነገረኝ። ዓመታዊ ዕቅዱ ያሯሩጣል፤ አርባ ደቂቃው አይበቃም። ወላጅ የሚከፍለው ለእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ሶማልኛ ተናገረ ብሎ ቢሮ ድረስ የሚመጣ አለ። አንዲት መምህርት ደግሞ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባልን ነው ያደግነው፤ ልጅ ሲከራከረኝ እንደ ንቀት ይሰማኛል» አለች። ይህን በግልጽ መናገሯን እስከ ዛሬ አከብርላታለሁ። መምህር ሳይደመጥ ተማሪ አድምጥ ማለት ከባድ ሸክም ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን ሁልጊዜ የምጀምረው ከመምህሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ብቻ መሥራት ጀመርኩ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉትም ይቀንሳሉ። ሁለት ሦስት ቋንቋ በጭንቅላቱ የሚያገላብጥ የድሬ ልጅ ደግሞ ይህ ጊዜ ከማንም ይበልጥ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። መምህሩ በልቡ መቁጠር ጀመረ። ሦስት ሰከንድ ሲነገር አጭር ነው፤ ሠላሳ አራት ልጆች ዓይን ዓይንህን ሲያዩህ ግን በጣም ይረዝማል። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሁለት» ላይ ሲደርስ መልሱን ራሱ ይናገር ነበር።

ቀጥሎ ልጆቹ ከእንግሊዝኛው በፊት ከጎናቸው ካለው ጓደኛ ጋር በፈለጉት ቋንቋ ሁለት ደቂቃ እንዲነጋገሩ አደረግን። በክፍሉ አንድ ጊዜ እንኳ ድምጿን ሰምቻት የማላውቅ ልጅ አንድ አምስተኛ ከአንድ አራተኛ ለምን እንደሚያንስ ጓደኛዋን በኦሮምኛ ስትሟገት ሰማኋት፤ ዳቦ እየቆረሰች ያለች ይመስል በእጇ እያሳየች። ተነስታ በእንግሊዝኛ የተናገረችው አራት ቃል ብቻ ነው፤ አራቱም ግን ትክክል ነበሩ። ስጋት የነበራቸውን ወላጆችም ጋብዘን ክፍሉን እንዲያዩ አደረግን። ከማብራሪያዬ ይልቅ ያዩት አሳመናቸው።

አንድ ነገር ግን ስቼ ነበር። ከየመን የመጣው ልጅ በቋንቋው የሚያነጋግረው ሰው አልነበረውም፤ እኔም ጥንዶቹን ሳቀናጅ አላሰብኩበትም። ሁለት ደቂቃው ለሌላው እፎይታ ሲሆን ለእሱ ብቸኝነቱን የሚያጋልጥ ሆነ። መምህሩ ነው ያስተዋለው። ከአያቱ ዐረብኛ የለመደ የመጋላ ልጅ አጠገብ አስቀመጠው፤ መልሱንም በሥዕል ሰሌዳ ላይ እንዲያሳይ ፈቀደለት።

የባህል ቀን ላይ የፈጸምኩት ስህተት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቆጨኛል። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ልብስ ለብሰው በብሔራቸው ስም ሥር እንዲቆሙ ያልኩት እኔ ነኝ። አባቷ ኦሮሞ፣ እናቷ ሐረሪ የሆነች የአምስተኛ ክፍል ልጅ፣ «ቲቸር፣ እኔ የት ልቁም?» አለችኝ። ቤቷ ሁለቱንም አቅፎ ያሳደጋትን ልጅ እኔ አንዱን ምረጪ አልኳት። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። በዓመቱ ዝግጅቱን ለራሳቸው ለልጆቹ ሰጠን፤ እነሱም አያት የነገረቻቸውን ተረት እያንዳንዳቸው በወደዱት ቋንቋ ለመናገር መረጡ። የመቆሚያ ጽሑፍ አላስፈለገም።

የሐሳብ መስጫ ሳጥን ሰቅለን ነበር፤ አቧራ ጠጣ። ላውራ ለንዲ የተባሉት የቤልፋስት ምሁር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ ለልጅ ድምፅ አራት ነገር ያስፈልጋል ይላሉ፦ የመናገሪያ ዕድል፣ ድምፅ፣ አድማጭና ተጽዕኖ። የእኛ ሳጥን አድማጭም ተጽዕኖም አልነበረው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በሳምንቱ ሰኞ በሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ መልስ እንዲሰጥ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተስማማን፤ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ከነምክንያቱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሒሳብ ከሰዓት በኋላ እንዳይሆን የሚል ነበር። የድሬን የከሰዓት ሙቀት የሚያውቅ ይፈርዳል። ለስድስተኛና ለሰባተኛ ክፍል ወደ ጠዋት ተዛወረ፤ ለስምንተኛ ክፍል ግን መምህሩ አንድ በመሆኑ አልተቻለም። ይህም በግልጽ ተነገራቸው። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ቅር አላቸው፤ ሳጥኑን በብዛት የሚጠቀሙት ግን አሁንም እነሱ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ ራሱ የመቀመጫ ካርታውን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ጭረቱን አሁን በየሳምንቱ የሚፈራረቁ ሁለት ተማሪዎች ናቸው የሚይዙት። በሦስት ስሞች ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «እነዚህ ገና ናቸው፤ ማክሰኞ መጥተሽ ከአጠገባቸው ትቀመጫለሽ?» አለኝ። ማክሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እገባለሁ።