የውሻው መቃብርና የሆቴሉ ባለቤት

ሰሜን ዌልስ ውስጥ ቤድጌለርት የምትባል ትንሽ የተራራ መንደር አለች። ግላስሊንና ኮልዊን የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙት እዚያ ነው። ከለንደን ድረስ የሄድነው የእህቴ ልጅ ስለ ውሻው መቃብር ሰምታ ስለወተወተችኝ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የ13ኛው ክፍለ ዘመኑ ልዑል ሊዌሊን፣ ጌለርት የሚባለውን ውሻውን ቤት ትቶ አደን ይወጣል። ሲመለስ ውሻው አፉ ደም በደም ሆኖ ይቀበለዋል። የሕፃኑ አልጋ ተገልብጧል። ልጄን በላብኝ ብሎ በሰይፍ ይወጋዋል። ወዲያው የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ልጁ ደህና ነው፤ አጠገቡ ጌለርት የገደለው ተኩላ ተዘርሯል።

መቃብሩ ወንዝ ዳር፣ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው። የእህቴ ልጅ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አንብባ እንባዋ መጣ። እኔ ዝም አልኩ። እራት ላይ ግን አፌ አላስችል አለኝ። መቃብሩን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ያቆመው ዴቪድ ፕሪቻርድ የሚባል የመንደሩ ሆቴል ባለቤት ነው ይባላል፤ እንግዳ እንዲመጣለት። ታሪኩም አገር ላገር የሚዞር ነው። ሕንዶች በተኩላው ቦታ እባብ አስገብተው ይተርኩታል።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም አክስቴ?» ብላ አኮረፈች።

እኔ ሰውዬው ላይ አልጨክንም። ከ200 ዓመት በኋላም ሰው የሚጠራ ማስታወቂያ ማን ሠርቶ ያውቃል? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ብዙው ሰው መቃብሩ ጋ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ወንዙን ተከትሎ ወደ አበርግላስሊን ሸለቆ የሚወርደው የእግር መንገድ ግን ከዚያው ይቀጥላል! ገደሉ እየጠበበ ይሄዳል፣ ውሃው ከሥር ይጮኻል፣ አንዳንድ ቦታ ዓለቱ ላይ የተተከለ የብረት መያዣ ይዞ ነው የሚታለፈው። ዝናብ ከጣለ ያንሸራትታል፤ ደህና ጫማ ያስፈልጋል። ለእኔ ከመንደሩ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሲገን የሚባለው የመዳብ ማዕድን ቦታም ቅርብ ነው። በ1903 ሥራ አቁሞ በ1986 ለጎብኚ ተከፈተ። ዋሻው ቀዝቃዛ ስለሆነ ጃኬት ያዙ።

የመጨረሻው ቀን ባቡር ነበር። ከካርናርቮን እስከ ፖርትማዶግ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ጠባብ ሐዲድ ያለው የእንፋሎት ባቡር ነው። መስመሩ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2011 ነው። ትልልቆቹ የባቡር ሞተሮች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ይህን ስነግራት ኩርፊያዋን ረስታ «የእኛው አህጉር ሠራተኞች ናቸዋ!» አለች። ሸለቆው ውስጥ ባቡሩ በዋሻ ሲያልፍ ጢሱ ይገባል። መስኮት ጋ የምትቀመጡ ነጭ ልብስ አትልበሱ።