ለቆላው ወንዝና ለሐይቁ፦ ብር ሳይበዛ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መምረጥ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃችሁን እወቁ። ሰሜን ሸዋ ደጋው ሰፊ ነው፣ ዓሣው ግን ያለው ቆላ ነው። በሬሳን የመሳሰሉት የደጋ ወንዞች በጋ ሲገባ ይከሳሉ፤ ደህና ዓሣ የሚገኘው ቁልቁል ተወርዶ ነው። በምዕራብ ጀማና ወንጭት ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ሮቢና ጀውሃ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ሁሉም ድንጋያም ናቸው፤ ክረምት ላይ ደራሽ፣ በጋ ላይ ደግሞ ጉልበት የማይሞላ ውሃ እዚህም እዚያም ጥልቅ ኩሬ እየሠራ የሚያልፍባቸው ናቸው። እዚያ የምትጠብቁት አምባዛንና ነጭ ዓሣን ነው፤ ነጭ ዓሣ የምለው ቅርፊቱ ትልልቅ የሆነውን፣ አፉ ዳር ጢም ያለውን ነው፣ ስሙ በየአገሩ ይለያያል።

እንዲህ ያለ ውሃ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) አይፈልግም። ካያክ የሚጠቅመው ወሎ ተሻግሮ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ወይም አርዲቦ ሐይቅ ለሚደርስ፣ ወይም ረጋ ያለ ግድብ ለሚያገኝ ሰው ነው። ስለዚህ ብር ያጠረው በዳርቻው ይጀምር። የዳርቻው ዕቃ ግማሹ ለካያኩም ያገለግላል፣ የካያኩ ዕቃ ግን ጀማ ገደል ውስጥ ሸክም ብቻ ነው።

ጊዜውም ዕቃ ይቆጥባል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙ ጭቃ ነው፤ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋ የዘነበው ጎርፍ ገደሉ ውስጥ ይደርስባችኋል። ከጥቅምት ጀምሮ ውሃው ይጠራል፣ ሁዳዴ ሲደርስ ዓሣው በየኩሬው ይወሰናል። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቻለሁ። ገበያው ግን በጾም እንደሚደምቅ ማንም ያውቃል።)

ብሩ የት ይሂድ

ብር የሚገባው ዓሣው የሚታገለው ነገር ላይ ነው፦ መንጠቆው፣ ክሩና የሪሉ ፍሬን ላይ። ሪል ዘንጉ ላይ ታስሮ ክሩን የሚጠቀልለው ባለ እጀታ ዕቃ ነው፤ ፍሬኑ ዓሣው ሲስብ ክሩን በልክ የሚለቀው ነው። ዘንግ ቢረክስ ይቻላል። ሳጥን፣ መቀመጫ፣ የዘንግ ማቆሚያና ተንሳፋፊ ከቤት ይገኛሉ። ሱቆች ግን የሚሸጡት ተገላቢጦሽ ነው፦ ዘንግ፣ ሪል፣ ክርና መንጠቆ በአንድ ቦርሳ ታሽጎ ይቀርባል፣ ዘንጉ ያብረቀርቃል፣ ክሩ ግን አንድ ሳምንት አይቆይም። እንዲህ ያለውን ጥቅል ከገዛችሁ ክሩንና መንጠቆውን አውጥታችሁ ጣሉ። ሒሳቡን ስትሠሩ ይህን ወጪ አብራችሁ ቁጠሩ።

ዘንግ ጨርሶ ለመግዛት አቅም ከሌለ ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ክሩን መሐሉ ላይ አጥብቃችሁ አስሩና 40 ሜትር ጠቅልሉበት። ስትወረውሩ የጠርሙሱን አፍ በግራ እጅ ይዛችሁ ቂጡን ወደ ውሃው አዙሩ፣ ክብደቱን በቀኝ እጅ አሽከርክራችሁ ልቀቁት፤ ክሩ በቂጡ በኩል እየተፈታ ይሄዳል። የሚበላሸው ጠርሙሱ ወደ ጎን ሲዞር ነው፤ ያኔ ክሩ ይይዝና ይበጠሳል። ቀጭን ክር ጣት ይቆርጣልና በጠርሙስ ለሚያጠምድ ከ0.40 ሚሊ ሜትር ያነሰ አይመከርም።

ክር

ለዘንግ ከሆነ ተራ ናይለን፣ ውፍረቱ ከ0.30 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር። የተጎነጎነው ውድ ክር ለኛ ወንዝ አይሆንም፤ ጠንካራ ቢሆንም ድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲሻሻ ከናይለን ቀድሞ ይቆረጣል።

ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አትመኑ፣ ውፍረቱንም ለኩት። ክሩን እርሳስ ላይ ጎን ለጎን አጠጋግታችሁ 20 ጊዜ ጠምጥሙና በተማሪ ማስመሪያ ለኩ። ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክሩ 0.30 ነው። 8 ከመጣ 0.40 ሸጠውላችኋል፤ በዚያ ውፍረት «15 ኪሎ ይችላል» ቢል ለምን እንደቻለ ገባችሁ። ቀጥሎ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉና በቋጠራችሁት ክር ቀስ ብላችሁ አንሡ። ደህና 0.30 አምስት ኪሎውን ከነቋጠሮው ያነሣል። ካላነሣ ወይ ክሩ ፀሐይ የበላው ነው፣ ወይ ቋጠሮው ነው። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅል በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።

ቋጠሮው ቀላል ነው። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ፣ ጫፉን ዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ጠምዝዙ፣ ከዚያ ቀዳዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ቀለበት አስገቡት፤ ሲወጣ የሚፈጠረውን ትልቁን ቀለበት ደግሞ አንዴ አሳልፉት። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይሞቃል፣ የሞቀው ቦታ ይደክማል፣ ትልቁ ዓሣ የሚበጥሰውም እዚያው ላይ ነው።

መንጠቆና ክብደት

የመንጠቆ ቁጥር ግራ ያጋባል፦ ከ1 ወደ 10 ስትሄዱ መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል፣ ከኋላው ዜሮ ያለበት (1/0፣ 2/0፣ 4/0) ግን ቁጥሩ ሲጨምር ያድጋል። ለሐይቁ ዓሣ ለቆሮሶ 8 ወይም 10፣ አፉ ትንሽ ነውና። ለነጭ ዓሣ 4 ወይም 6። ለአምባዛ ከ2/0 እስከ 4/0። በርካሽ የሚሸጠውን መንጠቆ በፒንሳ ያዙና ከፈት ለማድረግ ሞክሩ፦ ተለጥጦ ከተመለሰ ደህና ነው፤ እንደተከፈተ ከቀረ ለስላሳ ነው፣ አምባዛ ያቃናዋል፤ ቀጭ ካለ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቋል። ስለቱን ለማወቅ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ አንሸራቱ። ከተንሸራተተ በቀጭን ሞረድ ሳሉት፣ ከነከሰ በቂ ነው።

ጀማና ወንጭት ላይ ከሁሉ በላይ ብር የሚበላው ክብደት ነው። በየድንጋዩ ሥር ይሰነቀርና ክሩም መንጠቆውም አብሮ ይቀራል። በቀን አሥር ጊዜ ይህ የሚደርስበት ሰው የርሳስ ክብደት እየገዛ አይዘልቀውም፣ ርሳስም መርዝ ነው። መፍትሔው ጋራዥ ነው። ያረጀ ካንዴላ ከ40 እስከ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ19 ቁልፍ የሚፈታ ዳዶ 17 ግራም ገደማ፣ በ17 ቁልፍ የሚፈታው ደግሞ 11 ግራም አካባቢ ነው። ለረጋ ኩሬ አንድ ዳዶ ይበቃል፣ ወራጅ ካለ ካንዴላ።

አስተሳሰሩ ደግሞ እንዲህ ይሁን። ከመንጠቆው 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ዋናው ክር ላይ ትንሽ ቀለበት ቋጥሩ። ቀለበቱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ክር፣ 0.18 ወይም 0.20፣ አስሩና ዳዶውን አንጠልጥሉበት። ዳዶው ሲሰነቀር ቀጭኑ ክር ብቻ ይበጠሳል፤ መንጠቆው፣ ዓሣውም ካለ ዓሣው፣ ይመለስላችኋል። ቀጭኑ ክር ከዋናው በግልጽ ደካማ ካልሆነ ግን ዘዴው አይሠራም። የተሰነቀረን ክር በዘንግ አትጎትቱ፤ ዘንጉን ወደ ክሩ አቅጣጫ ቀጥ አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ጨርቅ ጠቅልሉና ክሩን በእጅ ሳቡ።

ሪልና ዘንግ

የመጠን ቁጥሩ 3000 ወይም 4000 የሆነ ሪል ለዳርቻም ለካያክም ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ስንት ኩሽኔታ እንዳለው በትልቁ የተጻፈው ለጌጥ ነው፤ በርካሽ ዕቃ ውስጥ አሥር መናኛ ኩሽኔታ ከሦስት ደህና አይበልጥም። እጀታውን በዝግታ አሽከርክሩ፣ አሸዋ እንደሚፈጭ ካንገራገረ ተዉት። ክሩ የሚያልፍባትን ትንሿን ተሽከርካሪ በጥፍራችሁ ግፉ፤ ካልዞረች ክሩን እንደ መጋዝ ትቆርጠዋለች። ፍሬኑን አላልታችሁ ክሩን ሳቡ፤ ወጥ ሆኖ መውጣት አለበት፣ ያዝ ለቀቅ ካደረገ ዓሣው ሲፈተለክ በዚያች ቅጽበት ይበጥሳል።

ክሩ ከመጠቅለያው ከንፈር 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ይሙላ። ከዚያ ካነሰ ውርወራው ያጥራል፣ ከሞላ ተግተልትሎ ይወሳሰባል። ርዝመት ለማሟላት ሁለት ጥቅል ከመግዛት ሥሩን ባረጀ ክር ሙሉና አዲሱን 100 ሜትር ከላይ ቀጥሉ።

ፍሬኑ የሚስተካከለው ከክሩ አቅም ሩብ ያህል ላይ ነው። ክራችሁ 6 ኪሎ የሚችል ከሆነ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከሪሉ በቀጥታ አንጠልጥሉ፣ ጠርሙሱ ቀስ እያለ መውረድ እስኪጀምር ፍሬኑን አላሉ። ሚዛን መግዛት አያስፈልግም። ወደ ቤት ስትመለሱ ፍሬኑን ፍቱት፣ ተጣብቆ ከከረመ ውስጡ ያለው ልባስ ይጨፈለቃል።

ለዳርቻ ከ2.4 እስከ 3 ሜትር የሆነ ዘንግ፣ ለካያክ ከ1.8 እስከ 2.1 ሜትር። አንድ ብቻ የሚገዛ 2.1 ይግዛ፣ ዳርቻም ላይ ያዘልቃል። ገደል ለሚወርድ ሰው ፋይበር ግላስ ይሻላል፤ ይከብዳል ግን ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይተርፋል። ካርቦን ቀሊል ነው፣ ጭረት ካገኘው ግን ሳይታሰብ ይሰበራል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋልና ሰማይ ሲያጉረመርምና የመብራት ሽቦ ሥር አይያዝ። አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ እየገባ የሚያጥረው ተመዛዡ ዘንግ ለአውቶቡስ ይመቻል፣ ጠላቱ አሸዋ ነው፦ ሳትጠርጉ ከሰበሰባችሁት ይጣበቃል። የክሩን ቀለበቶች በጥጥ ጥረጉ፤ ጥጡን የያዘ ቀለበት ስንጥቅ አለው፣ ክር ይበላል።

ማቆሚያው ባላ እንጨት ነው። ዓሣ መንካቱን የሚነግራችሁ ዘንጉ ጫፍ ላይ የታሰረ ትንሽ ቃጭል፣ ተንሳፋፊው ያረጀ ነጠላ ጫማ ቁራጭ ወይም ቡሽ። ምግቡ ትል፣ ፌንጣ፣ ለአምባዛ ደግሞ በምሽት ጉበት ወይም የዶሮ አንጀት። ሊጥ ቶሎ የሚሟሟው ሲቀጥን ነው፤ ድርቅ አድርጋችሁ አቡኩትና ጥቂት ጥጥ ቀላቅሉበት። ዓሣውን ለማደንዘዝ ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን በነጻ የሚገኝ ይመስላል፣ ግን ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚበላውን ነፍሳትም አብሮ ይጨርሳል፤ ኩሬው በሚቀጥለው በጋ ባዶ ነው።

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ቆላው ብልሃርዚያ ያለበት ነውና የፕላስቲክ ቦቲ ከዘንጉ እኩል አስፈላጊ ዕቃ ነው። ጀማን ተከትሎ ዓባይ በረሃ ድረስ የሚወርድ ሰው ደግሞ አዞን አይርሳ፤ ያገሩን ሰው ሳይጠይቅ ውሃ ውስጥ አይግባ።

ካያኩ

መጀመሪያ ላይፍ ጃኬት፣ ከዚያ ካያክ። ብሩ ለሁለቱ ካልበቃ ካያኩ ይቆይ። ጃኬቱን ልበሱና ሁሉንም ማሰሪያ አጥብቁ፣ ሌላ ሰው በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይሳበው። ጆሯችሁ ድረስ ከወጣ ሰፍቷችኋል፣ ውሃ ላይ ያመልጣል። ሃይላንድ ሰፍቶ ጃኬት መሥራት የሚሞክር አለ፤ ጠርሙሱ ይንሳፈፋል፣ የተጨነቀን ሰው ፊት ግን ወደ ላይ አድርጎ አይዝም። ባዶ ጠርሙስ የሚሆነው መቅዘፊያና ዘንግ ላይ ለማሰር ነው። ቦቲውን ደግሞ ዳር ተዉት፤ ውሃ ሲሞላ እግር ያከብዳል።

ጠንካራው የፕላስቲክ ካያክ 3 ሜትር የሚሆነው ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ መኪና ይፈልጋል። በአውቶቡስ ለሚሄድ የሚነፋው ይሻላል። ስፋቱ 75 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን፣ መቅዘፊያው ከ220 እስከ 240 ሴንቲ ሜትር። የተጻፈበትን የመጫን አቅም ሙሉ በሙሉ አትጠቀሙ፣ 70 በመቶው ላይ አቁሙ። እናንተ 70 ኪሎ፣ ዕቃው 15 ኪሎ ከሆነ 85 ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 125 ኪሎ የሚል ካያክ ፈልጉ።

ለእኛ አገር ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። የተነፋ ካያክ ይዛችሁ ጣርማ በርን አትውጡ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የውጭ አየር ግፊት ከፍታ ላይ ስለሚቀንስ ቆላ በልኩ የነፋችሁት ካያክ ተራራው ጫፍ ላይ ውስጡ ያለው ግፊት ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ስፌቱ የሚተረተረው ያኔ ነው። ደብረ ብርሃን ነፍታችሁ ብትወርዱ ደግሞ ላላ ብሎ ይጠብቃችኋል። ባዶውን ጭናችሁ ውሃው ዳር ንፉት። ቀትር ላይ ዳር ስታወጡትም ትንሽ አየር ልቀቁ፣ ፀሐይም ያስፋፋዋል።

መልሕቅ መግዛት የለባችሁም፦ ሁለት ኪሎ የሚሆን ድንጋይ በሽንኩርት ጆንያ። ገመዱ የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ይሁን፣ ለ5 ሜትር ውሃ 15 ሜትር። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ መሐሉ ላይ 80 ሜትር ገደማ ስለሚጠልቅ እዚያ መልሕቅ አይታሰብም፣ ዳር ዳሩን ያዙ፤ ቆሮሶውም ያለው እዚያው ነው። ገመዱን ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ እንጂ ከጎን አትሰሩ፣ ነፋስ ሲነሣ ከጎን የታሰረ ካያክ ይገለበጣል። ገመዱን ለመቁረጥ ቢላ ጃኬቱ ላይ ይንጠልጠል። ዘንግ ማቆሚያው 30 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፣ መቀመጫው ላይ በገመድ ይታሰራል፤ የሚነፋውን ካያክ ለምንም ነገር አትብሱት።

ቤት ስትመልሱት ከነእርጥበቱ አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል። ደርቆ ሲያልቅ በጆንያ ከቱና ከጣሪያው ወራጅ ላይ ስቀሉት። መሬት ላይ ካደረ፣ በተለይ ጎተራ አጠገብ ከሆነ፣ አይጥ በአንድ ሌሊት በስታው ታድራለች፣ የታጠፈ ጎማ ደግሞ አንዴ ሲነከስ ሦስት አራት ቦታ ነው የሚቀደደው።