ንስሐ ለመግባት ላሰባችሁ፦ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ለባለቤቱ መልሱ

ንስሐ ገብቶ ለመቁረብ የሚያስፈልገውን ሥርዓት ከዐውደ ምሕረት ስብከትም ሆነ ከትንንሽ መጻሕፍት በቀላሉ ማወቅ ይቻላል። የንስሐ አባት መያዝ፣ ራስን መመርመር፣ ሳይደብቁ መናዘዝ፣ የተሰጠውን ቀኖና መፈጸም፣ ከዚያም 18 ሰዓት ጾሞ ሥጋ ወደሙን መቀበል ነው። እኔም ይህንኑ ተከትያለሁ፤ አብዛኛውም ያለ ችግር አልፏል። ይህን የምጽፈው ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የሰው ገንዘብ የበላ ሰው ንስሐ ሲገባ ገንዘቡ ወዴት መሄድ እንዳለበት ነው።

በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የግዥ ሠራተኛ ነበርሁ። ሥራውን የሚያውቅ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሲሚንቶውና ፌሮው በአንድ ዋጋ ይገዛል፣ ደረሰኙ በሌላ ዋጋ ይቆረጣል፣ ልዩነቱን ገዢና ሻጭ ይካፈሉታል። በሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ ይህ እንደ ስርቆት ሳይሆን እንደ ብልኅነት ይቆጠር ነበር፤ ያልበላውም እንደ ሞኝ ይታይ ነበር። እኔ ግን ቅዳሴ ላይ ካህኑ እጃቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ የሆነ እንዲቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ ግን በመለኮት እሳት እንዳይቃጠል እንዳይቀርብ ሲያስጠነቅቁ፣ በደረሰኝ የበላሁት ሁሉ ፊቴ ይደቀን ነበር። በ40 ቀኔ ተጠምቄ፣ በልጅነቴ ስቆርብ አድጌ፣ ጎረምሳ ከሆንሁ በኋላ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቼ ቁርባንን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ትቼ ኖሬአለሁ።

ወደ ንስሐ ለመመለስ ስወስን የሄድሁት ወደ ቤተሰባችን የንስሐ አባት ነበር፤ ሥርዓቱ የሚያዘው የአጥቢያን ካህን መያዝ ነውና። የተቀበሉኝ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ጥግ ላይ ነው። ስልካቸው እየደጋገመ ይጮህ ነበር፤ ያነሡና «እዚሁ ነኝ፣ ጨርሻለሁ» እያሉ ይዘጉታል። ዝሙቱን፣ ቁጣውን፣ ሐሜቱን ስናገር አንገታቸውን እየነቀነቁ አሳለፉት። የገንዘቡ ነገር ሲመጣ ግን ቀና ብለው «ምን ያህል ይሆናል?» አሉኝ። ገመትሁላቸው። «ልጄ፣ ለሰው ብትመልሰው ለዓለም ነው፤ ለእግዚአብሔር ቤት ብትሰጠው ግን ይታጠባል» አሉና ወደ ሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ላኩኝ።

የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ብሩን ቆጠረ፣ ደረሰኝ ቆረጠልኝ። (ትክክለኛ መጠን የተጻፈበት ደረሰኝ በስሜ ሲቆረጥ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።) ስሜ እንዳይጠራ ለመንሁት፤ «አይዞህ» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስሜ ከነአባቴ፣ የብሩ መጠን ከነሳንቲሙ በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ ዲያቆኑም «እግዚአብሔር ከሰጠው ላይ ለእግዚአብሔር የሰጠ ልጃችን» ብሎ ጨመረበት። ግቢው በእልልታ ተሞላ። ከሁሉም አብልጣ እልል ያለችው አጠገቤ የነበረችው እናቴ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክትደክም እልል አለች። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ እጄን ጨብጠው «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» አሉኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት የንስሐ አባታችን ደውለው ቀኖናዬ እንደተፈጸመና መቁረብ እንደምችል ነገሩኝ።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ስሜ መጠራቱ አይደለም። የመጣሁት ምንም እንዳልሆንሁ ተቀብዬ ነበር፤ እነርሱ ግን ምንም አለመሆኔን እንኳ ሳልናገር በሰው ገንዘብ ክብር ገዙልኝ። በሉቃስ 18 ላይ ቀራጩ ደረቱን እየደቃ «ማረኝ» ሲል፣ ፈሪሳዊው ዐሥራቱን ይቆጥራል። እኔ እንደ ቀራጩ ገብቼ፣ ደረሰኝ ይዤ እንደ ፈሪሳዊው ወጣሁ። መቁረብማ እንዴት ይሆናል? በፊት ኃጢአቴን ሳስብ የምፈራው ሰው፣ አሁን ደግሞ ጽድቄን ሳስብ የማፍር ሆንሁ።

ሁለተኛውን አባት ያገኘሁት ለዘመድ ተዝካር ወደ ገጠር በሄድሁ ጊዜ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ እልልታው ተረክሁላቸው። «ገንዘቡ የማን ነበር?» አሉኝ። የቀድሞ አሠሪዬ መሆኑን ስነግራቸው «በሕይወት አሉ?» «አዎን፣ አባቴ።» «ታዲያ ለምን ለግንብ ሰጠኸው?» መልስ አልነበረኝም። በዘሌዋውያን 6 የወሰደ ሰው ዋናውን ከነአምስተኛ እጁ ለባለቤቱ እንዲመልስ መታዘዙን አስታወሱኝ። ቀጥለውም ስለ ዘኬዎስ ነገሩኝ፤ ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ያለው ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ከማለቱ በፊት እንጂ በኋላ አልነበረም። መመለሱ እንግዳው ከገባ በኋላ የመጣ እንጂ የመግቢያ ዋጋ አይደለም።

ይህን ሰምቼም ከባድ ቀኖና እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ጠዋትና ማታ መዝሙር 50ን እንድጸልይና ጥቂት እንድሰግድ ብቻ አዘዙኝ። አነሰ ብዬ ስሟገት «ልጄ፣ ብትሰግድ ጉልበትህ ይላጣል እንጂ ዕዳህ አያልቅም፤ ዕዳህ በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ቀኖና መድኃኒት ነው፣ ክፍያ አይደለም» አሉ። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአል» የሚለውን የሮሜ 5 ቃል ግን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

የቀረው አጭር ነው። ከሕንፃ ኮሚቴ ገንዘብ ማስመለስ የሚቻል የሚመስለው ካለ ይሞክረው፤ እኔ የዕቁብ ዕጣዬ እስኪወጣ ጠብቄ ዳግመኛ ከፈልሁ፣ አምስተኛውንም ጨመርሁ። የቀድሞ አሠሪዬ ፖስታውን ተቀብለው ቆጠሩና፣ ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ «ሌሎቹስ መቼ ይመጣሉ?» አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ ሳቅም አላሉም።

በቆረብሁበት ቀን ካህናቱ ለድርገት፣ ማለትም ሥጋ ወደሙን ለማቀበል ሲወርዱ፣ ከረከሰች ቤቴ ጣራ በታች ትገባ ዘንድ ለአንተ አይገባም የሚለውን የመቶ አለቃውን ቃል የያዘውን ጸሎት ከሌሎቹ ጋር ደገምሁ። ያ ለዓመታት ያባረረኝ ማስጠንቀቂያና ይህ ጸሎት ያሉት በአንድ ቅዳሴ ውስጥ ነው። «ንጹሕ ያልሆነ አይቅረብ» የሚሉት ካህን ራሳቸው ከመቀበላቸው በፊት የማይገባቸው መሆኑን ይናገራሉ። ስለዚህ ንጹሕ እስክሆን ልጠብቅ የሚል ሰው፣ ሳይናዘዝ ሽበት ይቀድመዋል እንጂ የሚጠብቀው ቀን አይመጣም።

ምክሬ ከተለመደው ይለያል። የአጥቢያችሁን ካህን ያዙ ይባላል፤ እኔ ግን እናታችሁ ቤት ጠበል የሚረጩትንና ቤተሰባችሁን በሙሉ የሚያውቁትን አባት ለእንዲህ ያለው ኃጢአት አትምረጡ እላለሁ። ገንዘቡ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መጠኑን የሚጠይቅ ካህን ካጋጠማችሁ በትሕትና መስቀል ተሳልማችሁ ውጡ። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት የሚቻልበት ጊዜ የለም አልልም፤ ዘኍልቍ 5 ባለቤቱም የሚመለስለት ዘመድም ከሌለ ለካህኑ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ግን የመጨረሻው መንገድ ነው፤ እኔ የበላሁት ገንዘብ ባለቤት ግን ስልካቸው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስሜን ከለጋሾች መዝገብ እንዲያወጡልኝ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ጠይቄ፣ ምክንያቱን ገልጬ በማመልከቻ እንዳቀርብ ተነግሮኛል። ማመልከቻውን እስካሁን አላስገባሁም።