አንገቴን ያዞረው ጣሪያ

ዛሬ የእህቴን ልጅ ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ጎንደር ተወልጄ ስንቴ ገብቻለሁ፤ እንደ ዛሬ ግን አንገቴ እስኪደነዝዝ ጣሪያውን አይቼ አላውቅም። እነዚያ ፊትና ክንፍ ብቻ የሆኑ መላእክት! ልጅቷ «ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት» ብላ ነጠላዬ ሥር ተደበቀች።

አንድ ጥግ ላይ ሥዕሉ ያለበት ጨርቅ ጠርዙ ትንሽ ተነስቷል። የጎንደር ዘመን ሥዕል ብዙው እንዲህ ነው፤ ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈ ደግሞ ይላጣል። እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግሪዮል የፈረንሳይ የጥናት ቡድን እዚሁ ጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ልጦ ወሰደ። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሳለውን ቅጂ አስቀመጠ። ዋናው ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

ድሮ የኩሬተር፣ ማለትም የሙዚየም ቅርስ ኃላፊ፣ ሥራ ዕቃውን መጠበቅ፣ ዘመኑንና አሣሣሉን መጻፍ ነበር። አሁን «እንዴት እጃችን ገባ?» ለሚለውም መልስ ይጠበቅበታል። ያው ሙዚየም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የግሪዮልን ቡድን ጉዞ የሚመረምር ኤግዚቢሽን አሳይቷል። ጥሩ ነው፣ አልከፋም። ቪዛ ለምኜ የአገሬን ሥዕል የማየው ግን እኔ ነኝ። 😄

ስንወጣ ልጅቷ በር ላይ የተቀመጡትን ቄስ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ እነዚህን መላእክት ማን ነው የሚጠብቃቸው?»

«እኔ ነኛ ልጄ። ክረምት ሲመጣ ጣሪያው እንዳያፈስ ሌሊት እየተነሳሁ አያለሁ።»