ቀይዋ መስመር

"ይቺን ቀይ መስመር አየሃት? ከቤቴ በታች ያለው ምንጭ የሚወጣው ከሷ ላይ ነው።"

ሼሁ ይህን ያሉኝ በግንቦት ነው። ከደሴ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የገጠር መንገድ እንሠራ ነበር። እኔ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሰባተኛ ወሬ ነው። ኤክስካቫተሩ ተራራውን ቆርጦ ጨርሷል። ቁርጡ ላይ ከታች ጥቁር ድንጋይ፣ ከላይም ጥቁር ድንጋይ ይታያል። በመሀላቸው ክንድ የማትሞላ ቀይ አፈር አለች።

"አዎ ሼህ፣ አየኋት" አልኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ማስታወሻዬ ላይ "ጠንካራ አለት፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል" ብዬ ጻፍኩ። ስለ ቀይዋ መስመር አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ሼሁ ግን አልተዉኝም። እጄን ይዘው ከቁርጡ በላይ ወዳለው ማሳቸው ወሰዱኝ። ዳር ዳሩን ጥድ ተተክሏል። የጥዶቹ ግንድ ከሥሩ ወደ ቁልቁለቱ ይጎብጣል፣ ከጉልበት በላይ ግን ወደ ሰማይ ይቃናል። ሁሉም እንደዚያ ናቸው። "ልጄ፣ ይሄ መሬት ይሄዳል። ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይሄዳል" አሉኝ። እኔ የነፋስ ሥራ መሰለኝ። ቤታቸው እስከ በረካ ድረስ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ።

ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን በጠዋት ፎርማኑ ደወለልኝ። "ኢንጂነር፣ መንገዱ የለም" አለ።

ሠላሳ ሜትር የሚሆን ቁርጥ ተንዶ መንገዱን ዘግቶታል። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን የገበያ ቀን ነበር። እህል የጫኑ አህዮች ከወዲያ ማዶ ቆመዋል። ሴቶች ሸክማቸውን ተሸክመው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው ሲሻገሩ አየሁ። ከመካከላቸው አንዷ ሕፃን አዝላ ነበር። ያን ቀን አልረሳውም። ተነግሮኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሼሁን ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ "አብሽር፣ ና አሁን አብረን እንየው" ብለው ተነሡ።

በሳምንቱ አንዲት ጂኦሎጂስት ተላከችልን። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከሼሁ ጋር ማሳቸውን መዞር ነው። ከዚያ ወደ ናዳው ወርደን "ምኑ ላይ እንደተንሸራተተ እዩ" አለችን። የላይኛው ድንጋይ የሄደው ቀይዋን አፈር ተቀምጦባት ነው። ከአፈሯ ራስ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጂኦሎጂስቷ ከአፈሩ ቆንጥራ በውሃ አረጠበችና በጣቶቿ አሸችው። እኔንም አስነካችኝ። ልክ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

"ይሄ የድሮ መሬት ነው" አለች። የወሎ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየደጋገመ በፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ ነው። አንዱ ፈስሶ ይረጋል፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ እሳቱ ረጅም ጊዜ ያርፋል። ዝናቡና ፀሐዩ የድንጋዩን ገጽ አፈር ያደርጉታል፣ በውስጡ ያለው ብረትም ዝጎ ይቀላል። ይህ ብቻውን ብዙ ሺህ ዓመት ይፈልጋል። በመጨረሻ ሌላ ፍሳሽ መጥቶ አፈሩን እንደ ጡብ ጠብሶ ከላዩ ይተኛል። እኔ ክንድ የማትሞላ ብዬ ያለፍኳት መስመር ያ ሁሉ ዘመን ነች።

"የታችኛው ፍሳሽ ራሱ የቱ ጋ እንደሚያልቅ በምን ታውቂያለሽ?" አልኳት። ከቀይዋ መስመር ሥር አንድ ድንጋይ ፈልጣ ሰጠችኝ። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ አንዳንዱን ቀዳዳ ነጭ ማዕድን ሞልቶታል። እንጀራ ምጣድ ላይ ሲበስል አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ዓይን ያወጣ የለ? የቀለጠ ድንጋይም እንደዚያው ነው። ዓይን የሚበዛው ራስጌው ላይ ነው። ያንን ድንጋይ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር የደላንታ ልጅ ነው። እሱም "እኛ ጋ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የሚቆፍሩት እንዲሁ አንዲት መስመር ተከትለው ነው" አለን። እውነቱን ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው የደላንታዋ የወገል ጤና ኦፓል የሚገኘው ከአንድ ሜትር በማትበልጥ ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪው ገደሉን እያየ ያቺን ንብርብር ያሳድዳል።

ውሃው በተሰነጣጠቀው የላይኛው ድንጋይ ሰርጎ ይገባል። ቀይዋ ሸክላ አፈር ጋ ሲደርስ ግን ማለፍ አይችልም፣ ስለዚህ ላይዋ ላይ ይሄዳል። የሼሁ ምንጭ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ችግሩ ንብርብሩ ወደ መንገዱ ማዘንበሉ ነው። ሲፈስ እንዲህ አልነበረም። አገሩ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ስለሆነ ነው የተጋደለው። አፋር በኩል መሬቱ እየተለያየና እየሰመጠ ሲሄድ ዳር ዳሩ እየተቆረሰ አብሮ ይወርዳል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከ500 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው፣ የቦርከና ሜዳም ከሰመጠው ቁራሽ አንዱ ነው። ሼሁ ይሄን ሲሰሙ የካራ ቆሬውን አነሡ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት የመሬት መንቀጥቀጡ ማጀቴን ሲያፈርስ ሕፃን ነበሩ።

ስለ ጥዶቹም ጠየቅኳት። አንድ ጥድ ብቻውን ምንም አይናገርም፣ በመስመር ያሉት ሁሉ ሲጎብጡ ግን መሬቱን ማመን ነው አለች። ሼሁ ለቤት ምሰሶ የቆረጡትን ጥድ ጉቶ አሳዩን። ቀለበቶቹ ወደ ቁልቁለቱ ሰፋፊ፣ ወደ ዳገቱ ጠባብ ናቸው። እምብርቱ መሀል ላይ አይደለም። ዛፉ በተገፋ ቁጥር ራሱን ሲያቃና ኖሯል።

ጥገናው ሁለት ወር ፈጀ። ቁርጡን አስተኛነው፣ ከላይ የውሃ መቀልበሻ ቦይ አወጣን፣ ከሥር ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን ደረደርን። ከቀይዋ መስመር ጥቂት ከፍ አድርገን ቱቦ ቀበርን። በመጀመሪያው ቀን ከቱቦው ውሃ ሲወርድ የሼሁ የልጅ ልጅ ጄሪካን ይዛ መጣች።

ማሳው ላይ ደግሞ አምስት ችካል በቀጥታ መስመር ተክለን ሲባጎ ወጠርንባቸው። ሼሁ በየወሩ አይተው ሊደውሉልኝ ቃል ገቡ። ባለፈው ኅዳር ደወሉ። አራቱ እንዳሉ ናቸው። ሦስተኛዋ ግን ከሲባጎው ሁለት ጣት ወደ ታች ወርዳለች። ቅዳሜ እሄዳለሁ።